በሁለት ጣት መሃል የሚያልፍ ኪሎ ሜትር

የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ የሚወለደው ከክሮቹ ሥር በተሰካች፣ ከመሃል ጣት ብዙም በማትረዝም ዕቃ ውስጥ ነው። ፒክአፕ ይሏታል። ስድስት የማግኔት ዘንጎች አሏት፤ በዘንጎቹ ዙሪያ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። ፌንደር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጣው ስትራቶካስተር ጊታር ላይ ያለችውን ዓይነት ብንወስድ፣ የሽቦው ውፍረት 0.063 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከፀጉር አይወፍርም። ዙሩ 8,000 ገደማ ይደርሳል። ተፈትቶ ቢዘረጋ ከአንድ ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ተሰብስቦ ቢመዘን ግን 30 ግራም ገደማ ቢሆን ነው።

«በእጅ የተጠቀለለ» ማለትን የጊታር ነጋዴዎች ይወዱታል፤ ዋጋ ይጨምራል። ሥራውን ላላየ ሰው ግን ያሳስታል። ሽቦው የሚጠመጠምበትን ቦቢን የሚያዞረው ሞተር ነው፤ ዙሩን የሚቆጥረው ቆጣሪ ነው። ለእጅ የቀረው ነገር ሁለት ብቻ ነው፤ ከትልቁ ጥቅል የሚመጣውን ሽቦ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መሃል እያሳለፈ ወዲያና ወዲህ መምራት፣ ደግሞም ሽቦው ምን ያህል ጠበቅ ብሎ እንደሚገባ መወሰን። የመጀመሪያውን ዓይንና ትዕግሥት ያለው ሰው በአጭር ጊዜ ይለምደዋል። ሁለተኛው ነው እንቆቅልሹ። ጠምጣሚው ጉተታውን ይቆጣጠራል እንላለን፤ ነገር ግን ቀረብ ብለን ስናየው እዚያ መቆጣጠር የሚባለውን ነገር የሚሠራ ማን እንደሆነ ማግኘት ያስቸግራል።

መጀመሪያ የኃይሉን መጠን እንየው። ይህ ሽቦ 70 ግራም ገደማ ክብደት ቢንጠለጠልበት ይበጠሳል። ከመበጠሱ ብዙ ቀደም ብሎ፣ ሃያ ምናምን ግራም ላይ፣ ላይመለስ መለጠጥ ይጀምራል። ስለዚህ ለጣት የተፈቀደለት ኃይል ሽቦው ራሱ ከሚመዝነው ያንሳል። ያን ሁሉ ሽቦ ከገደል አፋፍ ቁልቁል ቢያንጠለጥሉት፣ ላይኛው ጫፉ በገዛ ክብደቱ ይለጠጥ ነበር። ጡንቻችን ኃይል ብሎ የሚያውቀው ነገር ሁሉ፣ ባልዲ ማንሳቱም፣ በር መግፋቱም፣ ገመድ መሳቡም፣ እዚህ ገና አልተጀመረም። ጣት «አሁን ያዝኩ» ብሎ እርግጠኛ በሚሆንበት ጊዜ ሽቦው ከልኩ አልፏል።

ቢላላስ? የላላ ዙር ከጎረቤቱ ጋር አይተኛም፤ ቦቢኑ ጊዜው ሳይደርስ ይሞላል፤ 8,000 ዙር ሊይዝ የሚገባው ቦታ ገና ብዙ ሲቀረው ያልቃል። የባሰው ጣጣ መድረክ ላይ ይመጣል። ድምፁ ከፍ ሲል ከማጉያው የሚወጣው ንዝረት የላላውን ሽቦ ያንቀጠቅጠዋል፤ በማግኔት አጠገብ የሚንቀጠቀጥ ሽቦ ደግሞ ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ያ ተመልሶ ወደ ማጉያው ይገባል፤ ዞሮ ዞሮ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ይሆናል። ለዚህ ባለሙያዎች ጥቅሉን ትንሽ የንብ ሰም በተቀላቀለበት የቀለጠ ፓራፊን ውስጥ ይነክሩታል። ሰሙ በዙሮቹ መሃል ዘልቆ ሲረጋ ጣት ያላጠበቀውን ይይዝለታል። ላላ ላለው መድኃኒት አለው ማለት ነው።

ለጠበቀው የለም። ሽቦው ከተበጠሰ እንኳ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሞተሩ ይቆማል፣ ጫፉ ይፈለጋል፣ ወይ ይበየዳል ወይ እንደ አዲስ ይጀመራል። ብጥስ ሐቀኛ ጥፋት ነው፤ መቼና የት እንደደረሰ ራሱ ይናገራል። መለጠጥ ግን ዝም ይላል። ሽቦው በአንድ በመቶ ሲረዝም በዚያው ልክ ይቀጥናል፤ ርዝመቱ ጨምሮ፣ ውፍረቱም ቀንሶ፣ ሬዚስታንሱ በሁለት በመቶ ያህል ያድጋል። ዓይን አያየውም፤ ቆጣሪውም አያውቀውም፤ ዙሩ ያው 8,000 ነውና። በቴስተር የሚለካው ሰው ግን ቁጥሩ ከፍ ብሎ ያገኘዋል፤ ከፍ ያለ ቁጥር ደግሞ በገበያው የኃይለኛ ፒክአፕ ምልክት ነው። ለመሆኑ 6,000 ኦም ሊሆን የሚገባው ለምን 6,200 ሆነ? ዙር በዝቶ ሊሆን ይችላል። ሽቦው ተለጥጦ ሊሆን ይችላል። ክፍሉ ሞቆም ሊሆን ይችላል፤ መዳብ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.4 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ያው ጥቅል በማለዳ ብርድና በቀትር ሙቀት ሲለካ ሁለት ጥቅል ይመስላል። ሦስት የተለያዩ ታሪኮች በአንድ ቁጥር ይጠቃለላሉ፤ ገዢው የሚጠይቀው ደግሞ ቁጥሩን ነው። መለኪያ ይዋሻል ማለቴ አይደለም። የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል፤ ጉተታውን ግን ማንም አልጠየቀውም።

በተለጠጠው ሽቦ ላይ ሌላም የሚደርስ አለ። ሽቦው ላይ ጥቂት ማይክሮን ብቻ ውፍረት ያለው ቫርኒሽ ተቀብቷል፤ ይህ ልብስ ባይኖር ዙር በዙር ላይ መደርደር ጨርሶ አይቻልም ነበር። እንግሊዛዊው ዊልያም ስተርጀን እ.ኤ.አ. በ1825 የመጀመሪያውን ኤሌክትሮማግኔት ሲሠራ ቫርኒሹን የቀባው ብረቱን እንጂ ሽቦውን አልነበረም፤ ሽቦው ራቁቱን ስለነበር ዙሮቹ እንዳይነካኩ አራርቆ መጠምጠም ነበረበት። አሜሪካዊው ጆሴፍ ሄንሪ ሽቦውን ሐር አለበሰው፤ ያኔ ዙሮቹ ተጠጋጉ፣ ተደራረቡም፤ እ.ኤ.አ. በ1831 የሠራው ማግኔት ከ900 ኪሎ በላይ አነሣ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ውስጥ ማይክል ፋራዴይ ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን የብረት ቀለበቱን ሲጠመጥም በዙሮቹ መሃል ሲባጎ፣ በንብርብሮቹ መሃል አቡጀዲ ያስገባ ነበር። ያ ሁሉ ሲባጎና አቡጀዲ ዛሬ በዓይን በማይታይ ቅብ ተተክቷል። መዳቡ ሲለጠጥ ቅቡም አብሮ ይለጠጣል፤ አንድ ቦታ ከተሰነጠቀና ሁለት ራቁት ዙሮች ከተገናኙ፣ በመሃላቸው ያለው ሁሉ እንዳልተጠመጠመ ይቆጠራል።

አሁን ወደ እንቆቅልሹ። የጊታር ፒክአፕ ቦቢን ክብ አይደለም፤ ሁለት ረጃጅም ጎኖችና ሁለት ጠባብ ጫፎች ያሉት ነው። ሲሽከረከር ጠባቡ ጫፍ ሽቦውን ይዞ ሲወረወር በፍጥነት ይስባል፤ ረጅሙ ጎን ሲመጣ ደግሞ ጋብ ይላል። በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ መሳብ፣ ሁለት ጊዜ መላላት። ሞተሩ በደቂቃ 1,000 ዙር የሚዞር ከሆነ ይህ በሴኮንድ 33 ጊዜ ይደርሳል። የሰው እጅ ደግሞ የተሰማውን ተቀብሎ፣ አመዛዝኖ፣ ምላሽ ለመስጠት ከሴኮንድ አንድ አሥረኛ የበለጠ ጊዜ ይፈጅበታል። መልሱ እስኪደርስ ሦስት ጉተታ አልፏል። እንግዲህ ጠምጣሚው እያንዳንዱን ጉተታ እያየ ያርማል ማለት ከንቱ ነው። ሊያርም ቢሞክር ያለፈውን እያረመ የሚመጣውን ያበላሻል።

የሚያርመው የጣቱ ሥጋ ነው። ጉተታው ሲጠነክር ሥጋው ጎድጎድ ብሎ ይሰጣል፤ ሲላላ ተመልሶ ይሞላል፤ ሽቦው ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ መንሸራተቱን አያቋርጥም፣ በሴኮንድ ከሁለት ሜትር በላይ። ጣት ሽቦውን የሚይዘው እያንሸራተተ ነው፤ መያዙ ያለው በሚለቅበት ልክ ውስጥ ነው። አጥብቆ የያዘው እንደሆነ ሥጋው ተጨፍልቆ ይደነድናል፤ የመስጠት ኃይሉን ያጣል፤ ያኔ እያንዳንዱ ጉተታ እንዳለ በሽቦው ላይ ያርፋል። ሰውየው ሊያደርግ የሚችለው ነገር ሁሉ ያለው ቀደም ብሎ ነው፤ ከቦቢኑ ምን ያህል ርቆ እንደሚቀመጥ፣ ሽቦው በጣቱ ላይ በምን ያህል ማዕዘን እንደሚታጠፍ፣ በጣቶቹ መሃል ቁራጭ የሱፍ ጨርቅ ይጨምር ወይስ አይጨምር፣ እጁ አልቦት እንደሆን ማየት። ላብ ሽቦውን ያንቀዋል፤ ደረቅ ጣት ደግሞ ይለቀዋል። ማዕዘኑማ ከሁሉም ይብሳል፤ በጣት ላይ የሚታጠፍ ሽቦ ሰበቃው የሚያድገው በመደመር ሳይሆን በመባዛት ነው፤ ትንሽ ጨመር ሲል ኃይሉ ብዙ ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ይነሣል፤ ለሰውየው የቀረው ሥራ የተዘጋጀውን ሆኖ መቆየት ነው።

አርስቶትል በጎነት በየጊዜው የሚደረግ ውሳኔ ሳይሆን በመለማመድ የተሠራ የነፍስ አቋም ነው ሲል፣ እንዲህ ያለ ነገር በልቡ ነበር እላለሁ። ነገሩ በመጽሐፍ ሳነበው ቀዝቃዛ ነበር፤ ሰዎች በችግር ሰዓት ይወስናሉ፣ ውሳኔያቸውም ይመሰገናል ወይም ይነቀፋል ብዬ ስለማስብ። 33ቱ ጉተታዎች ግን ውሳኔን አይጠብቁም። እዚያ ላይ ያለው ምን ዓይነት ጣት እንደሆነ ብቻ ነው የሚቆጠረው። ያው ፈላስፋ ስለ መካከለኛው ልክ የሰጠው ምሳሌም ይረዳናል። ለአንድ ሰው አሥር ምናን (የጥንት የክብደት መለኪያ ነው) ምግብ ቢበዛ፣ ሁለት ምናን ቢያንስ፣ አሠልጣኙ ስድስት አያዝዝም ይላል፤ ለታላቁ ታጋይ ለሚሎ ስድስቱ ያንሳል፣ ለጀማሪው ይበዛል። ሽቦአችንም እንዲሁ ነው። ልል ያለው ዜሮ ነው፣ የሚበጠሰው 70 ነው፤ መሃሉ 35 ግራም ላይ ግን ሽቦው ከተበላሸ ቆይቷል። ልኩ ያለው መሃል ላይ አይደለም። አንድ ቦታም አይደለም፤ የቦቢኑ ቅርጽ፣ የቫርኒሹ ዓይነት፣ የሞተሩ ፍጥነት ያዛውሩታል።

ይህን ሳስብ ጥጥ የምትፈትል ሴት ትመጣብኛለች። የእሷም ጣቶች በመያዝና በመልቀቅ መሃል ነው የሚውሉት፤ እንዝርቱ ሲወርድ ከባዘቶው የምትለቀው ልክ ፈትሉን ያወፍረዋል ወይ ያቀጥነዋል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ለእሷ ጉተታው ክሩን የሚወልደው ነው፤ ቢበጠስባትም ጫፉን ከባዘቶው ጋር አገናኝታ ታሾረውና ጥጥ ከጥጥ ይዋሐዳል። ሽቦ የሚጠመጥመው ሰው አልቆ የመጣ ነገር ነው የሚቀበለው። ምንም አይጨምርበትም። ሊያደርግ የሚችለው አለማበላሸት ብቻ ነው። ለዚህ ይመስለኛል ሥራው ዝቅ ተደርጎ የሚታየው፤ የማያበላሽ እጅ የሠራውን ማሳየት አይችልም።

የተወጠረ ክር በምሳሌ ብዙ ጊዜ ተጠቅሷል። በቡድሃ ትምህርት ውስጥ ሶና የሚባል መነኩሴ አለ፤ በጥረቱ ብዛት እግሩ እስኪደማ ተመላለሰ፤ ቡድሃም ሶና ቀድሞ በገና መሰል መሣሪያ ይመታ እንደነበር አስታውሶ፣ ክሩ እጅግ ሲጠብቅ ወይም እጅግ ሲላላ ይሰማ ነበርን? ብሎ ጠየቀው። ደግ ምክር ነው። ለጥቅል ግን አይሠራም። የሶና መሣሪያ መቃኛ አለው። በገናም ክራርም አላቸው፤ ክሩ ሲላላ ተጫዋቹ ጠበቅ ያደርጋል፣ ሲጠብቅ ላላ ያደርጋል፣ በየዜማው መሃል እንኳ ይቃኛል። የጥቅል 3,000ኛው ዙር መቃኛ የለውም። ከላዩ 5,000 ዙር ተጭኖታል፤ ወደ እሱ የሚወስድ መንገድ ሁሉንም መፍታት ብቻ ነው፤ ተፈትቶ የሚወጣው ሽቦ ደግሞ እንደገና ለመጠምጠም አይበቃም። የመካከለኛውን መንገድ የሚያስተምሩን ምሳሌዎች አብዛኞቹ መቃኛ ካለው ዓለም የመጡ ናቸው።

አገራችን ውስጥ ይህን ጠንቅቀው የሚያውቁት ጊታር ሠሪዎች አይደሉም፤ ሞተር የሚጠቀልሉ ባለሙያዎች ናቸው። የወፍጮ ቤት ሞተር ወይም የጉድጓድ ውኃ ፓምፕ ሲቃጠል አዲስ ከመግዛት ይልቅ ማስጠቅለል የተለመደ ነው። ባለሙያው የተቃጠለውን መዳብ ያወጣል፣ ዙሩን ይቆጥራል፣ የሽቦውን ውፍረት ይለካል፣ በእንጨት ፎርማ ላይ አዲሱን ኮይል ይጠመጥማል፣ ከዚያም በብረቱ ጥርሶች መሃል ያስገባዋል። ሽቦው ወፍራም ስለሆነ የመበጠስ ሥጋት የለበትም፤ ጭንቀቱ ሌላ ነው። በጣም ጠብቆ የተጠመጠመ ኮይል ደርቆ አይታዘዝም፣ ሲገፉት ቫርኒሹ በብረቱ ጠርዝ ይፋቃል። የላላው ደግሞ ቦታ ይፈጅና አልገባም ይላል፤ ቢገባም ሞተሩ ሲሠራ እየተንቀጠቀጠ እርስ በርሱ ይፋቃል። ከወራት በኋላ ድንገት ይቃጠላል፤ ባለ ወፍጮውም ኤሌክትሪኩን ያማል።

ስለ ጊታሩ ጥቅል የሚነገረው ግን በአብዛኛው ስለ ምሥጢር ነው፤ እኔ ለምሥጢሩ ብዙም ቦታ የለኝም። በአሜሪካ ካላማዙ ከተማ በጊብሰን የጊታር ፋብሪካ ሴዝ ላቨር የፈለሰፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1955 የፈጠራ መብት ተጠይቆበት በ1959 የተሰጠው ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ ዛሬ ሰብሳቢዎች ዘንድ በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣል። የዚያ ዘመን ፒክአፖች አንዱ ከሌላው ይለያል፤ ምክንያቱም ዙሩ በትክክል ተቆጥሮ አይቆምም ነበር ይባላል። ያኔ ቸል የተባለው ነገር አሁን በኮምፒዩተር በሚመራ ማሽን ተጠንቅቆ ይቀዳል። ይህ ሰው መሆናችንን የሚያሳይ አስቂኝ ነገር ነው፤ ከዚያ ያለፈ ጥበብ ግን አላይበትም።

የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው። በካሊፎርኒያ ፉለርተን ከተማ በፌንደር ፋብሪካ ፒክአፕ ሲጠመጥሙ ከነበሩት መሃል አቢጌል ይባራ ይገኙበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ገብተው በ2013 ነው ጡረታ የወጡት። በኋለኞቹ ዓመታት የስማቸው ፊደል የተጻፈበት ፒክአፕ በከፍተኛ ዋጋ ይፈለግ ነበር። በመጀመሪያዎቹ አሥርተ ዓመታት ግን ማን እንደጠመጠመው የሚጠይቅ ጊታር ተጫዋች አልነበረም። በዚያ ዘመን በዓለም መድረክ የተሰማው የስትራቶካስተር ድምፅ በፋብሪካ ወንበር በተቀመጡ ሠራተኞች ጣት መሃል ያለፈ ነው፤ ደመወዛቸው በጣታቸው ልስላሴ አልተሰላም፤ እንዴትስ ይሰላ? መዝገብ የሚያዘው ዙር ነው፣ ኦም ነው፣ በቀን የወጣው ብዛት ነው። ከዘመናት በኋላ ዝናው ሲመጣ ደግሞ በተቃራኒው ተጋነነ፤ እጃቸው ተአምር አለው ተባለ። ሁለቱም አያያዝ ከሥራው ይሸሻል። አንዱ ምንም የለም ይላል፤ ሌላው ሊነገር የማይችል ነገር አለ ይላል። ያለው ነገር ግን ሊነገር ይችላል፤ በደንብ የተዘጋጀ ለስላሳ ጣት፣ ለብዙ ሰዓት ልኩን ሳይለውጥ መቆየት የሚችል። ሲደክም የሚደነድን፣ ሲናደድ የሚጠብቅ ጣት ነው። ማሽንም በስፕሪንግ በተሰቀለ ክንድ ያንኑ ያደርጋል፤ ስፕሪንጉ ተራራ ሙሉ ፒክአፕ ቢሠራ አይደክመውም፣ ስለዚህ ለኔ ከሆነ ማሽኑ ቢሠራው ቅር አይለኝም። ቅር የሚለኝ ለእጅ የሚሰጠው ምስጋና አብዛኛውን ጊዜ ባለ እጆቹ ከሄዱ በኋላ መምጣቱ ነው።

አሁን ጉተታን ሽቦው ሲገባ በየቅጽበቱ የሚለኩና የሚመዘግቡ መሣሪያዎች አሉ። ስለዚህ የጎደለው አምድ በመዝገቡ ላይ ተጨምሯል ማለት ይቻላል። ይሁንና ስሌቱን እስከ ጫፍ ብንወስደው አንድ ነገር እናገኛለን። 8,000 ዙር እያንዳንዱ በ20 ግራም ተጎትቶ ቢገባ፣ ሁሉም የገባበትን እንደያዘ ቢቀር፣ በጥቅሉ በአንድ ጎን ብቻ የሚደመረው ጉተታ 160 ኪሎ ይሆን ነበር፤ ደካማው የፋይበር ቦቢን ይህን አይችልም። የማይሰበረው ዙሮቹ የተሰጣቸውን ስለማይይዙ ነው። ላይኛው ንብርብር ታችኛውን ሲጫን ታችኛው ጠበብ ይላል፤ ጠበብ ሲል ይላላል። በጠባቡ ጫፍ ላይ ሽቦው ወደ ውስጥ አጥብቆ ይጫናል፤ በረጅሙ ጎን ላይ ያው ሽቦ፣ ያው ጉተታ ይዞ፣ ምንም የሚጫነው ስለሌለ ወደ ውጭ ጎበጥ ይላል። በአንድ ዙር ውስጥ ጠበቅና ላላ አብረው አሉ። መሣሪያው የመዘገበው ሽቦው በጣት ወይም በስፕሪንግ ሥር ሲያልፍ የነበረውን ነው። 3,000ኛው ዙር ዛሬ ምን ያህል እንደተወጠረ ግን ከላዩ የመጡት አምስቱ ሺህ ናቸው የወሰኑት፤ እነሱን ሳይፈቱ ገብቶ የሚለካው የለም፤ ከፈቷቸው ደግሞ ሊለኩት የፈለጉት ጉተታ አብሮ ይፈታል።